ሁልጊዜ ሃያ አምስት

ዞሌካ ስትናደድ ድምጿ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። ጮክ ብላ ከተሳደበች ደህና ናት፤ ታክሲ አምልጧት ወይም አንዱ ምሳዋን በልቶባት ነው። በሹክሹክታ መናገር ከጀመረች ግን ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ክፍሉን ለቆ መውጣት ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረዋት የሠሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የጮኸችው በር ጠባቂው ላይ ነበር። ድርጅቱ በደቡብ አፍሪካ፣ ከኢባዪ ወደብ ጀርባ፣ መጋዘኖች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው። የመብራት ፈረቃ ያስመረረው ሕዝብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን የባትሪ ሳጥን ይሠራል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ በዚያ የጥር ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ከራቫት አስረው። ከፊታቸው ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ አለ። ጋሪው ላይ ከድርጅቱ ሳጥኖች አንዱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ክዳኑ ተፈልቅቆ፣ አንድ ጎኑ ከስሎ ተጋድሟል።

«ቀጠሮ የላቸውም» አለ ጠባቂው።

«ቀጠሮ? ሰውየው ከኩዋዛኬሌ ድረስ ጋሪ እየገፉ መጥተው ቀጠሮ ትላለህ? ዶክተር ነን እንዴ እኛ? በል ክፈት!»

ሽማግሌው ታታ ሉንጊሳ ይባላሉ፤ ታታ እንደ አባባ ነው። ጋሪውን ልግፋልዎት ብትላቸው እምቢ አሉ። ግቢው ውስጥ ጥላ ሲያገኙ ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው ሰጧት። የድርጅቱ ደብዳቤ ነው። ሳጥኑ የጋለው ደንበኛው መተንፈሻውን በጨርቅ ስለሸፈኑት ነው፣ ስለዚህ ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም ይላል።

«ሳጥኑን ማን መጥቶ አየው?» አለች ዞሌካ።

«ማንም። በስልክ ነገርኳቸው፣ በሳምንቱ ይህ መጣ።» ሽማግሌው ላባቸውን ጠረጉ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ሳጥኑን አልሸፈንኩም። ምትክ ስጡኝ ብዬም አልመጣሁም። ይህን ደብዳቤ የልጄ ሚስት አንብባዋለች። ጎረቤት አንብቦታል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው እየተጠቃቀሰ ነው፤ ጃጅቶ ቤቱን ሊያቃጥል ነበር እየተባልኩ ነው። ከፍታችሁ እዩና እውነቱን ጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዞሌካ ሳጥኑን ተሸክማ ገባች። ባትሪው አልቆለታል፤ በውስጡ ያለችው ትንሿ ኮምፒውተር ግን እንደ ምንም ተርፋለች። ገመድ ሰካችባትና የያዘችውን መዝገብ አወጣች። በየአምስት ደቂቃው የተለካ የባትሪው ሙቀት፣ የአሥራ አንድ ወር። የመጀመሪያውን ገጽ አየች። ሃያ አምስት ዲግሪ። ሁለተኛውን አየች። ሃያ አምስት። ወደ ሐምሌ ሄደች፣ ጣት የሚያቆረፍደው ብርድ ላይ። ሃያ አምስት። ሳጥኑ ወደ ነደደበት ቀን መጣች፤ ከተማው በሙሉ ጥላ ፍለጋ የሚንከራተትበት ቀን ነበር። ጎኑ ከስሎ፣ ክዳኑ ተፈልቅቆ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ባትሪው ሃያ አምስት ዲግሪ ነኝ ይላል።

«ውሸታም!» ብላ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሰዎች ተያዩ። ገና እየጮኸች ስለነበር አልሸሹም።

የዞሌካ ሥራ ለሰው ዓይን የማይታይ ነው። የሳጥኑን ኮምፒውተር የሚያስተዳድረው ሥርዓት እምብርት ከርነል ይባላል። በከርነሉ ውስጥ ድራይቨር የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚያዘው አንድ ዕቃ ነው። ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር አንዱ ያዘዋል፣ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ደግሞ ሌላው። የባትሪው ድራይቨር ሙቀቱን በራሱ አያውቅም። የሴንሰሩን ድራይቨር «ቻናልህን ክፈትልኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ቁጥሩ በዚያ ቻናል ይመጣለታል። ማሽኑ ሲነሳ ታዲያ ሁሉም እኩል አይነቃም። አንዳንዴ ባትሪው ቀድሞ ተነስቶ ሲያንኳኳ ሴንሰሩ «ገና ነኝ፣ ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ያኔ ደንቡ አንድ ነው። ቻርጅ ሳትጀምር ትመለሳለህ፣ ቆይተህ ደግመህ ታንኳኳለህ። ለዞሌካ ይህን ያስተማራት ፓካሚሌ ነው፤ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው። ስትቀጠር ምንም አታውቅም ነበር። አጠገቡ አስቀምጦ ኮድ ማንበብ ያስለመዳት፣ ስትሳሳት በሰው ፊት የሚሸፍንላት እሱ ነው። ታላቅ ወንድሟ አይደለም፤ እሷ ግን «ቡቲ» ከማለት ውጪ ስሙን ጠርታው አታውቅም።

የባትሪውን ድራይቨር ከፈተችና ቻናሉ የሚጠየቅበት ቦታ ድረስ ወረደች። ነገሩ ያለው እዚያው ነው፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የተቀመጠ። ቻናሉ ካልመለሰ ሃያ አምስት ነው በል፤ ደግመህም አትጠይቅ። በቃ። ባትሪው ሲነሳ አንድ ጊዜ ያንኳኳል፣ መልስ ካላገኘ የገዛ ራሱን ቁጥር ፈልስፎ ዕድሜ ልኩን በእሱ ይኖራል። ከታች ቢነድ አያውቅም።

ኮድ የሚጽፉ ሰዎች አንድ የማይጣስ ልማድ አላቸው። ማንም ሰው ኮድ ሲለውጥ፣ ከለውጡ ሥር የጻፈው ሰው ስሙን ያኖራል። ሌላ ሰው ደግሞ «አንብቤ መርምሬዋለሁ» ብሎ ስሙን ይጨምርበታል። ሁለት ስም የሌለበት ለውጥ አይገባም። ዞሌካ የዚህን መስመር ታሪክ ጠራች። ጻፈው፦ ፓካሚሌ። ሁለተኛውን ስም አላነበበችም፤ ደሟ ፈልቶ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

ፓካሚሌ ቢሮው ውስጥ ማግዊንያ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ እየበላ ነበር፣ ጣቶቹ በዘይት ረጥበዋል። «ነይ ግቢ ሲሲ፣ ብዪ እንጂ» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው።

«ፓካሚሌ» አለች ዞሌካ። ድምጿ እምብዛም አይሰማም። «ሃያ አምስት ዲግሪ ምንድን ነው?»

ስሙን እንዲህ ባዶውን ስትጠራው ሰምቶ አያውቅም። የያዘውን ቁራሽ አስቀመጠ። «አየሽው?»

«አየሁት? አንድ ሰውዬ በጋሪ ጭነው አመጡልኝ! ውጪ ቆመዋል፣ ከራቫት አስረው። ሸፍነውታል ብላችሁ የጻፋችሁባቸው ሰውዬ። ማን ነው የሸፈነው? እሳቸው ናቸው ወይስ አንተ?»

«ቀስ በይ። ያን ሰሞን የነበረውን ታስታውሻለሽ። ከአሥር ሳጥን አንዱ ሲነሳ ቻናሉን አጥቶ ፈተና ይወድቅ ነበር። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ የድርጅቱ ባለቤቶች በየሰዓቱ ይደውላሉ። ለጊዜው ብዬ ነው ያስገባሁት።»

«ለጊዜው! ዓመት ከሁለት ወር ሆነው እኮ! ካላወቅሽ አላውቅም በይ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? በዚህ አፍህ አይደለም?»

ፓካሚሌ እጁን ጠረገ። ሊቆጣ ይችል ነበር፣ አልተቆጣም። «ከሥሩ ያለውን ሌላ ስም አንብበሻል?» አላት ቀስ ብሎ።

አላነበበችም። ኮምፒውተሩን አዞረላት። መረመረው፦ ዞሌካ። እሱ የላከው በአሥር ሰዓት ከአሥር፣ እሷ «አንብቤ መርምሬዋለሁ» ያለችው በአሥር ሰዓት ከአሥራ አራት። አራት ደቂቃ። ክው አለች። ቀኑ ትዝ አላት፤ ወደ ኩዊንስታውን የሚሄድ መኪና ሊያመልጣት ነበር፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማ ነው የጻፈችው። ያሰበችውም ትዝ አላት። ቡቲ የጻፈውን እኔ ማን ነኝና ነው የምመረምረው ብላ ነበር። ይህን አክብሮት ብላው ነበር፣ ያኔ።

«እንግዲህ አንድ ላይ ነን» አለ ፓካሚሌ።

እዚህ ላይ በጥፊ አለማጠናገሯ የሚገርም ነው። «አንድ ላይማ አይደለንም» አለች። «እኔ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

አስተካከለችው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀባትም። ቻናሉ ካልመለሰ ተመልሰህ ጠይቅ፤ ከናካቴው እምቢ ካለ ቻርጅ አታድርግ፣ ቀይ መብራትህን አብርተህ ቁም። ግን አዲስ ኮድ በየቤቱ ወዳሉት ሳጥኖች የሚወጣው በፓካሚሌ የሚስጥር ቁልፍ ሲፈረም ብቻ ነው፤ ፓካሚሌ ደግሞ አልፈርምም አለ።

«ይህን ዛሬ ብለቀው ሠላሳ አርባ ቤት ሳጥኑ ቀጥ ይላል። ፈረቃው እንዲህ በከፋበት ሰሞን! ባለቤቶቹ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ዓርብ ስብሰባ አለ። እዚያ አቀርበዋለሁ።»

«እስከ ዓርብ ቢቃጠሉስ?»

«እስከ ዛሬ የተቃጠለው አንድ ነው።»

ዞሌካ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ታታ ሉንጊሳ ከጥላው ሥር የሉም፤ ጠባቂው እንዳላት እስከ ምሳ ጠብቀው ባዶ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄደዋል። አድራሻቸው ደብዳቤው ላይ ነበር።

ቤታቸውን ስታገኝ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሳጥኑ የነበረበት ግድግዳ እስከ ጣሪያው ጠቁሯል። መጋረጃ የለም፣ የነበረው ነዷል። ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ግድግዳውን በሳሙና ሲፈትጉ ደረሰች። አዩዋት፣ ብሩሹን አስቀመጡ፣ ሻይ ቀዱላት። ሳትጠጣው በሁለት እጇ ይዛ ነገረቻቸው። አልሸፈኑትም ታታ። ሳጥኑ ነው የዋሸው። ሳጥኑን ያስዋሸችው አንዲት መስመር ናት፣ ከመስመሯ ሥር የኔ ስም አለ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ይህን ስትል እንባዋ መጣ፣ በገዛ እንባዋም ተናደደች።

ታታ ሉንጊሳ ብሩሹን አንስተው ግድግዳውን እንደገና ፈተጉ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ፍሬን መርማሪ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «መኪና ይመጣል፣ እገባለሁ፣ ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ እፈርማለሁ። አለቃው ከኋላ ቆሞ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ይላል። አንዳንዱ ባልደረባዬ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ይፈርም ነበር፤ የእገሌ እጅ የነካው ነው፣ ምን ይሆናል እያለ። እኔ ግን ያልረገጥኩትን ፍሬን ፈርሜ አላውቅም። አንድም ቀን። ስማችሁን እንዴት እንዲህ ትጥሉታላችሁ? ስም ነው እኮ! ምን ነካችሁ እናንተ ልጆች?»

«ልክ ነዎት ታታ።»

«ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሳጥን ያለበት ቤት ስንት ነው?»

«አራት መቶ አሥራ አንድ።»

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ኮዱን አስተካክዬዋለሁ፤ የሚለቅበት ቁልፍ ያለው አለቃዬ ግን እስከ ዓርብ አልፈርምም ብሏል።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ሲኒውን ከእጇ ነጠቋት፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አራት መቶ ቤት ሰው ተኝቷል፣ አንቺ የኔን ሻይ ይዘሽ ታለቅሻለሽ? ይቅር እንድልሽ ነው የመጣሽው? እኔ ቄስሽ አይደለሁም! ተነሺ! ያ ቁልፍ ያለው ሰው የት አለ? ደውይለት። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ ደውይለት።»

ደወለች፣ ድምጹ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፓካሚሌ አነሳ። «ሲሲ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ ዓርብ...»

«አንተ ልጅ» አሉ ታታ ሉንጊሳ። «የማን ልጅ ነህ?»

«ይቅርታ፣ ማን ልበል? እኔ የሶፍትዌር ክፍሉ ኃላፊ...»

«ሥራህን አልጠየቅኩህም። የማን ልጅ ነህ?»

ይህን ጥያቄ ሽማግሌ ጠይቆት ሳይመልስ የሚቀር ሰው በዚያ አገር የለም። «ቤሌ ነኝ፣ ታታ» አለ ፓካሚሌ የጎሳውን ስም ጠርቶ፣ ድምጹ ወርዶ።

«ቤሌ። እሺ፣ ቤሌ። ጎሳህ ስም አለው፣ አባትህም ስም አለው። እስከ ዓርብ ከነዚያ ቤቶች አንዱ ቢነድ፣ ሰው ቢሞት፣ ቀብሩ ላይ እሄዳለሁ። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ የምጠራው ድርጅታችሁን አይደለም። ድርጅት ቀብር አይመጣም። አንተን ነው የምጠራው፣ ከነአባትህ፣ ከነጎሳህ። ይህቺንም እጠራታለሁ፣ እዚሁ አጠገቤ ናት። ሰምተኸኛል?»

ዞሌካ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፈሰሰው ሻይ ራቅ አደረገችው።

«ሰምቻለሁ ታታ» አለ ፓካሚሌ። «ሲሲ፣ ኮዱን አሁን እያነበብኩት ነው። እያንዳንዷን መስመር። አንብቤ ስጨርስ እፈርማለሁ። ባለቤቶቹ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

አርባ ደቂቃ አነበበ። አንድ ስህተትም አገኘባት፤ ከቦርሳዋ ላፕቶፗን አውጥታ አረመችና መልሳ ላከችለት። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ፈረመ። ሳጥኖቹ እንግዲህ መብራት በየሰፈሩ ሲመለስ አዲሱን ኮድ እየሳቡ ይነሳሉ።

«አሁን ደብዳቤዬን» አሉ ታታ ሉንጊሳ። በእጇ ጻፈችላቸው፤ አልሸፈኑትም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ብላ። ወረቀቱን ተቀብለው እንደገና መለሱላት። «አንብቢው መጀመሪያ» አሉ፤ አንብባ ስትጨርስ ብዕሩን ሰጧት።

በማግሥቱ ጠዋት ጉድ ፈላ። በሌሊቱ ሠላሳ ሰባት ሳጥኖች ተነስተው ሴንሰራቸውን ጠይቀው፣ መልስ አጥተው፣ ቀይ አብርተው ቆመዋል። ዓመት ሙሉ ሃያ አምስት ሲሉ የኖሩት እነዚህ ናቸው። የድርጅቱ ስልክ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ አላረፈም። ዞሌካ ስልክ የምታነሳዋን ልጅ አስነስታ በቦታዋ ተቀመጠች፤ ከፊት ለፊቷ ፓካሚሌ ሌላውን ስልክ ይዞ ተቀመጠ። ባለቤቶቹ እንዳባረሩት ገና አልነገራትም። አንዱንም ደዋይ ወደ ሌላ ሰው አላስተላለፉም። አንድ ፀጉር አስተካካይ ሰደባት። ጡረታ የወጣች መምህርት በጣም በሚያምር አነጋገር ሰደበቻት። አንዱ እናቷን ሳይቀር አነሳ። ለሁሉም ሳጥኑን እንዲነኩ፣ ከቀዘቀዘ እንዲተዉት፣ ሰው እየመጣ መሆኑን ትነግራቸዋለች። ሠላሳ ሁለቱ ቀዝቃዛ፣ አራቱ ለብ ያሉ ነበሩ።

አራት ሰዓት ሲሆን ከኒው ብራይተን አንዲት ሴት ደወለች። የዶሮ እግር ትሸጣለች፤ ፍሪጇ የሚሠራው በሳጥኑ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሌቦች! ቀማኞች! ገንዘቤን በልታችሁ፣ አሁን ደግሞ ከሩቅ ሆናችሁ ታጠፉብኛላችሁ! ደህና ሲሠራ የነበረ ሳጥን! ሥጋዬ ሲበሰብስ አንቺ ትበይዋለሽ? እ? መልሺ እንጂ!»

«እማማ፣ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤ እጅሽን ሳጥኑ ላይ አድርጊ። ቀዝቃዛ ነው?»

«እጄን አድርጌ ምን... » ድምጿ ተቋረጠ። ከኋላዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ። «ኧረ ይፋጃል! ይፋጃል እኮ ይሄ! ሆዱ... ሆዱ ተነፍቷል።»

«ማብሪያውን አጥፊ። ሶኬቱን ንቀዪ። ሁሉንም ልጆች ይዘሽ ውጪ፣ ምንም አታንሺ። ስልኩን ግን አትዝጊው።»

ፓካሚሌ የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ ዞሌካ አየ። ስልኩ ውስጥ የሚወድቅ ወንበር ተሰማ፣ የልጅ ለቅሶ፣ በር፣ ሩጫ። ከዚያ ነፋስ። ሴትየዋ ታለከልካለች፤ «ስድስት፣ ሰባት... ሰባቱም አሉ» ትላለች ለራሷ። ከዚያ በኩል የሆነ ነገር እንደ ጎማ ሲፈነዳ ተሰማ፣ ልጆቹ በአንድ ድምጽ ጮኹ።

«እማማ! እማማ፣ ውጪ ናችሁ?»

«ውጪ ነን» አለች ሴትየዋ። «አንቺ ማን ነሽ?»

«ዞሌካ ነኝ።»

«ይህን ነገር ቤቴ ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ስሜ አለበት።»

ሴትየዋ አየር ስባ ስድቧን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ዞሌካን፣ ያስተማራትን፣ የወለዳትን፣ ያላየችውን ነገር ለሰው ቤት የምትልክ እጇን። ዞሌካ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።